ሲኒየር ኤሴይ በሁለት ሌሊት፦ ለአንዲት የድሬ ልጅ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ይሄ ነው፦

«ጋሼ፣ የአራተኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነኝ። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ ሲኒየር ኤሴዬንም፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፌን፣ ስለ ድሬና ስለ ባቡሩ ለመሥራት ርዕስ አስጸድቄያለሁ። ፔፐር የምጽፍበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ አነባለሁ፣ በሃይላይተር አሰምራለሁ፣ ማስረከቢያው ሲደርስ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ከመግቢያው ጀምሬ እስከ ማጠቃለያው እጽፈዋለሁ። ግሬዴ መጥፎ ሆኖ አያውቅም። አድቫይዘሬ ግን ያሳየሁትን ሁሉ እያየ ‹ያንቺ ሐሳብ የታለ?› ይለኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። አጻጻፌን ልቀይር ወይስ ይሄም ያዋጣል?»

አትደንግጪ። መንገድሽ ብዙ ተማሪ የሚሄድበት ነው። ለስድስት ገጽ ተርም ፔፐር ያዋጣል። ለሲኒየር ኤሴይ ግን አያዋጣም፤ ምክንያቱ ደግሞ እንቅልፍ ማጣትሽ አይደለም። ሌሊት የሚጽፍ ጎበዝ ሞልቷል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። አንቺ መጻፍ የምትጀምሪው አንብበሽ ስትጨርሺ ነው፤ እኔ የምልሽ ደግሞ ማንበብ ሳትጀምሪ ጻፊ ነው። ይሄ አንዱ ብቻ ቢቀየር ሌላው እየተከተለ ይስተካከላል።

ሳላነብ ምን እጽፋለሁ ትይኝ ይሆናል። ወረቀት አውጪና ስለ ርዕሱ ዛሬ የምታስቢውን አንድ ገጽ ጻፊ። ስልክሽ ላይም ይሆናል። በአማርኛም ጻፊው፣ በእንግሊዝኛም ጻፊው፣ ብትፈልጊ እንደ ድሬ ልጅ ሁሉንም ቀላቅይው፤ ማንም አያየውም። እኔ ለተማሪዎቼ ዜሮ ገጽ እለዋለሁ። ሦስት ነገር ይኑረው፦ ምን ይመስለኛል፣ ለምን መሰለኝ፣ ምን ባገኝ ተሳስቻለሁ እላለሁ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። የራስሽን ግምት ሳትይዢ መጽሐፍ ውስጥ ከገባሽ መጀመሪያ ያነበብሽው ሰው ግምት ያንቺ ይሆናል፣ ሁለተኛውን ስታነቢ ትደናገሪያለሽ፣ አምስተኛው ላይ ስትደርሺ «ሁሉም ልክ ናቸው» ብለሽ እየደረደርሽ መጻፍ ትጀምሪያለሽ። አድቫይዘርሽ ያየው ይሄንን ነው።

ርዕስሽን ላንሳና በሱ ላሳይሽ። «ድሬዳዋና ባቡሩ» ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ርዕስ ከምኒልክ ተነስተሽ ቻይናዎች እስከሠሩት አዲሱ መስመር ድረስ መሄድ ትችያለሽ። ስትጨርሺ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን በአርባ ገጽ ደግመሽ ጽፈሻል ማለት ነው። እስቲ አብረን እናጥብበው።

የሚታወቀውን እናስቀምጥ። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1897 ተጀመረ። በዚያን ጊዜ የምሥራቁ ንግድ እምብርት ሐረር ናት፤ ሐዲዱም በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር የታሰበው። ተራራው ግን አስቸገረ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሐዲድ ማውጣት ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ መስመሩ ሐረርን ወደ ላይ ትቶ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ሄደ፤ እዚያም በ1902 መጨረሻ ላይ ደረሰ። ቦታው መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ያንቺ ከተማ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዪ። ከጅቡቲ እስከ ድሬ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ያለው ሙሉ መስመር ደግሞ 784። ሐዲዱ የመንገዱን ግማሽ እንኳ ሳይጨርስ ቆመ ማለት ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። ምኒልክ የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው በኩል እጁን ማስገባቱ አልጣማቸውም። እንግሊዝና ጣሊያንም በየፊናቸው ይጎትቱ ነበር፤ በ1906 ከፈረንሳይ ጋር ሦስት ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ሲፈራረሙ ባቡሩ አንዱ መነጋገሪያቸው ነበር። ኩባንያው ከሠረ፣ በ1908 ሌላ ተተካ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር አይቆረቁርሽም? ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች። ታዲያ ከተማዋን የሠራት የባቡሩ መምጣት ነው ወይስ አላልፍም ብሎ እዚያው መቆሙ? ይሄ ጥያቄ ነው። መልሱ ይሄኛውም ያኛውም ሊሆን ይችላል፣ በማስረጃ ሊፈተሽ ይችላል፣ የጊዜ ወሰኑም ከ1902 እስከ 1917 ብሎ ራሱን በራሱ ያጥራል። አዲሱን ባቡር፣ ደርግን፣ የጣሊያንን ወረራ፣ ሁሉንም እንድትተዪ ፈቃድ ይሰጥሻል። የጥሩ ጥያቄ ትልቁ ጥቅም የማይነበበውን መንገሩ ነው።

ይሄ የኔ ጥያቄ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም፤ ቀድተሽ እንዳትወስጂው። አንቺ የከተማዋ ልጅ ስለሆንሽ የምታውቂው ሌላ ነገር አለ። የከዚራ ሰፈር መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ የተሰለፈበት ነው፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረሽ መጋላ ሰፈር ስትገቢ ሌላ ዓለም ነው። ማን የት እንዲኖር ማን ወሰነ? ያ ወሰን መቼ ተሰመረ? ልጅ ሆነሽ የተመላለስሽበት መንገድ ውስጥ ሲኒየር ኤሴይ ተጋድሟል።

ወደ ንባቡ እንሂድ። ሃይላይተሩን አስቀምጪው። በቢጫ የተሰመረ ፎቶኮፒ አንብቤያለሁ የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ስትመለሺበት ግን ለምን እንዳሰመርሽው አታስታውሺም። በሱ ፋንታ እንዲህ አድርጊ፦ አንድ ምዕራፍ ወይም አንድ አርቲክል አንብቢ፣ ዝጊው፣ ከዚያ ሳታዪ ምን እንዳለ በራስሽ ቃል ከአራት እስከ አምስት በሚሆን ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ከዚያ ክፈቺውና ገጹን መዝግቢ። ከሥሩ መስመር አስምሪና ያንቺን ሙግት ጻፊ። ካርድሽ ይሄን ይመስላል እንበል፦

«ገጽ እከሌ። ጸሐፊው ባቡሩ ከደረሰ በኋላ ንግዱ ከሐረር ወደ ድሬ ዞረ ይላል። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አይናገርም። ማስረጃው የአውሮፓ ተጓዦች ጽሑፍ ነው። ————— እኔ፦ ተጓዦቹ የሚያርፉት ከዚራ ነው። መጋላን አይተውት ይሆን? የሐረር ነጋዴዎች ወደ ድሬ ወረዱ ወይስ ወኪል ላኩ? ይሄንን ፈልጊ።»

ከመስመሩ በላይ ያለው የሰውየው ነው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ያንቺ። ኤሴዩን ስትጽፊ የምትገነቢው ከታችኛው ነው፤ የላይኛው ይደግፈዋል። በዚህ ዓይነት የያዝሽው ካርድ ሀያ ቢደርስ ሁለት ሌሊትሽን ለሌላ ነገር ታቆዪዋለሽ። ደግሞ የማንን ቃል ከየት እንደወሰድሽ ሁሌም ስለሚታወቅ ሳይታወቅሽ ኮፒ አታደርጊም። ብዙ ተማሪ ሌባ ሆኖ አይደለም ተርንኢቲን በሚባለው የኮፒ መፈተሻ ሶፍትዌር ላይ የሚያዘው፤ ማስታወሻው ውስጥ የራሱና የሰው ቃል ተደባልቆበት ነው።

የት ታገኛለሽ ለሚለው፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያ ማረፊያሽ ይሁን። ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ፣ ኢቲዲ የምንለው፣ ከዶርምሽ ሆነሽ ይከፈታል። የቀድሞ ተማሪዎችን ጽሑፍ ስታገኚ ከኋላ ጀምሪ፤ ዋጋው ያለው የምንጭ ዝርዝሩ ላይ ነው፤ መንገዱን ያሳይሻል። ዓረፍተ ነገሩን ግን ለባለቤቱ ተዪለት። ደግሞ ስለ ባቡሩ ዋናዎቹ ሰነዶች ብዙዎቹ በፈረንሳይኛ ናቸው። ፈረንሳይኛ ካላነበብሽ መግቢያው ላይ በግልጽ ጻፊውና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ምረጪ። ይሄ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያላነበቡትን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ መደርደር ነው፤ ፈታኞች ደግሞ ይሄንን ወዲያው ያውቁታል።

ቀን አቆጣጠር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የታሪክ ተማሪዎችን እንደ ጉድ የሚጥላቸው እሱ ነው። አንዱ ምንጭ 1902 ይልሻል፣ የአማርኛው 1895 ይልሻል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ተማሪው ግን «ስምንት መቀነስ ነው» ብሎ ከሁሉም ስምንት ይቀንሳል። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጅ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ስምንት። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1902 ዲሴምበር ላይ ስለሆነ 1895 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ብትቀንሺ 1894 ይወጣልሽና በአንድ ዓመት ትስቻለሽ። የኢልግ ፈቃድ ደግሞ በማርች 1894 ስለሆነ ስምንት ተቀንሶ 1886 ዓ.ም. ይሆናል። ወሩን የማታውቂው ከሆነ ዝም ብለሽ አትለውጪ፤ ለ1902 ለምሳሌ 1894/95 ዓ.ም. ብለሽ ሁለቱንም ያዢ። ካርድሽ ላይ ቀኑን መጀመሪያ ምንጩ እንዳለው ጻፊ፣ የለወጥሽውን ከጎኑ። በኤሴዩ ውስጥ አንዱን አቆጣጠር መርጠሽ እስከ መጨረሻው በሱ ሂጂ፤ የትኛው እንደሆነም መጀመሪያ ገጽ ላይ ተናገሪ።

የቃል መረጃ እሰበስባለሁ ማለትሽ አይቀርም፤ ድሬ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ሞልቷል፣ ጨዋታውም አይጠገብም። ሂጂ። ግን ምን እንደምትጠይቂ አስቢበት። ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላው አባት 1902ን አላየም፤ አባቱም አላየው ይሆናል። ስለ ወርክሾፑ፣ ስለ ደሞዙ፣ ስለ ፈረንሳዮቹ አለቆች የሚነግርሽ እሱ ራሱ የኖረውን ነው፤ ያ ወርቅ ነው። ስለ ከተማዋ አመሠራረት የሚነግርሽ ግን የሰማውን ነው። የሰማውንም መጠቀም ትችያለሽ፤ «የከተማው ሰው አመሠራረቷን እንዲህ ያስታውሳል» ብለሽ እንጂ «እንዲህ ሆነ» ብለሽ አይደለም። ጥያቄሽ በ1917 የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ የቃል መረጃ ዋና ምንጭሽ ሊሆን አይችልም። የቃለ መጠይቅ ምዕራፍ ስላማረ ብቻ አታስገቢ።

አሁን ወደ መጻፉ። ከመግቢያው መጀመር ተዪ። መግቢያ ስላልጻፍሽው ነገር የሚናገር ክፍል ነው፤ ምን እንደምትዪ ሳታውቂ እንዴት ትጽፊዋለሽ? ለዚህ ነው የብዙ ተማሪ መግቢያ «ኢትዮጵያ ጥንታዊት ሀገር ናት» ብሎ የሚጀምረው፤ ሌላ የሚለው ስላልመጣለት። በደንብ ከምታውቂው መሃል ጀምሪ። የመጋዘኑ ነገር ከገባሽ ከመጋዘኑ፣ የሐረር ነጋዴዎች ከሳቡሽ ከነሱ። መግቢያውን መጨረሻ ጻፊው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅብሽም።

አድቫይዘርሽ ምን ማለቱ እንደሆነ እዚህ ላይ ላሳይሽ። ኤሴይሽ በእንግሊዝኛ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ነገሩ ግን በአማርኛም ያው ነው። ይሄን አንቀጽ እዪ፦

«እገሌ እንደሚለው ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። እንደ እገሊት አገላለጽ ከተማዋ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። ሌላው ጸሐፊ ደግሞ ኩባንያው እንደከሠረ ይገልጻል።»

አንድም ስህተት የለበትም። ምንጩም ተጠቅሷል። ግን የሚናገሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንቺ የለሽበትም። አሁን ይሄንን እዪ፦

«ድሬዳዋን ያሳደጋት የባቡሩ መድረስ ብቻ ሳይሆን አልፎ አለመሄዱም ነው። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ እዚህ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ሥራው ቆመ። ስለዚህ ወደ መሃል አገር የሚሄድ ዕቃ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ መጫን ነበረበት። የሚራገፍ ዕቃ ማደሪያ ይፈልጋል፤ ማደሪያው ጠባቂ፣ ጫኝ፣ ደላላ ይፈልጋል። የከተማዋ የመጀመሪያ ነዋሪዎች እነማን እንደነበሩ ለመረዳት ከጣቢያው ይልቅ ከማራገፊያው መነሳት ይሻላል።»

መረጃው ያው ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ያንቺ ነው፣ የመጨረሻውም ያንቺ ነው፤ መሃል ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ግርጌ ማስታወሻ ወርደው ለአንቺ ይመሰክራሉ። «ያንቺ ሐሳብ የታለ» ማለት «አዲስ ግኝት አምጪ» ማለት አይደለም፤ አንቀጹን ማን እየነዳው ነው ማለት ነው። ስለ ጠባቂና ደላላ የጻፍኩት ደግሞ እስካሁን ግምት ነው። ማስረጃ ካገኘሽለት ይቆያል፣ ካላገኘሽ ወይ ይወጣል ወይ «ሳይሆን አይቀርም» ይገባበታል። ይሄንን ልዩነት ራስሽ ካላወቅሽው ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፍሽን ፈታኞች ፊት ስታቀርቢ፣ ሰው ያሳውቅሻል።

አንድ ምዕራፍ ሲያልቅልሽ እንዲህ ፈትሺው። ከእያንዳንዱ አንቀጽ አጠገብ ኅዳጉ ላይ አንቀጹ የሚለውን በአንድ መስመር ጻፊ። «ስለ ኩባንያው ነው» አይበቃም፤ «ኩባንያው የቆመው በገንዘብም በፖለቲካም ነው» በዪ። መጻፍ ያቃተሽ አንቀጽ ካለ ወይ ሁለት ሐሳብ ይዟል ወይ ምንም አልያዘም። ሁለት ከያዘ ክፈዪው። ምንም ካልያዘ ሰርዢው፤ ሌሊቱን ሙሉ የለፋሽበትም ቢሆን ሰርዢው። ከዚያ ኅዳጉን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቢ። ታሪኩ ከተያያዘ ምዕራፍሽ ቆሟል። አንዱ መስመር ከሌላው ጋር ካልተያያዘ አንቀጾቹን አዘዋውሪ። ከምመክራቸው ነገሮች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብትይኝ ይሄንን እመርጥ ነበር።

ሁለቱን ሌሊቶች አልነፍግሽም። ልማድሽ ከሆነ ያዣቸው፤ ለእርማት አውያቸው እንጂ ለመጀመሪያ ጽሑፍ አይሁኑ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ኔትወርክ ሊቆም ይችላል፣ ፍላሽሽ ቫይረስ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ በየቀኑ ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፣ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጨምሪ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» የሚል ስም ያለው ፋይል አይቶ ያልሳቀ አድቫይዘር የለም። የአማርኛ ጥቅስ የምታስገቢ ከሆነ በዩኒኮድ ጻፊው፤ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጥቅስ ኅትመት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምልክት ብቻ ሆኖ ይወጣል፣ ያውም ማስረከቢያው ቀን።

እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል ብለሽ አልጻፍሽም፤ ግን አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው እዚያ ስለሆነ አንድ ነገር ልበል። ሐሳቡ አልመጣ ካለሽ በአማርኛ አስቢው፣ በአማርኛም ጻፊው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠሽ ለዶርም ጓደኛሽ እንደምታስረጂ ሆነሽ በእንግሊዝኛ አዲስ ጻፊው። ቃል በቃል አትለውጪው፤ ጉግል ትራንስሌት ውስጥም አትክተቺው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን። ረጅምና የተወሳሰበ እንግሊዝኛ ምሁር ያስመስላል የሚል እምነት አለ፤ ፈታኙን ግን የሚያደክመው እሱ ነው።

ቻትጂፒቲን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የዲፓርትመንትሽ ደንብ ምን እንደሚል ጠይቂ። ቢፈቀድ እንኳ ሰዋስው ለማረም ነው እንጂ ምንጭ ለማምጣት አትጠቀሚበት። ስለ ድሬዳዋ ምንጭ ስጠኝ ብትዪው የሌለ መጽሐፍ ከነገጹና ከነአሳታሚው አሳምሮ ሊሰጥሽ ይችላል። በእጅሽ ያልያዝሽውን ወይም በዓይንሽ ያላየሽውን ምንጭ አትጥቀሺ። በየግቢው አጥር ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ስለሚለጥፉት ደግሞ ብዙ አልናገርም፤ ስልካቸው ለዲፌንስ ጥያቄ አይነሳም።

የምንጭ ዝርዝርሽን ዞቴሮ ላይ ያዢ፤ ነፃ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ሶፍትዌሩ የሁሉም ሰው ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ያለው ይመስለዋል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በፓንክረስት መግባቱ ልክ ነው። ሌላውን የታሪክ ጸሐፊ፣ ባሕሩ ዘውዴን ግን «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብሎ ሲያስገባው በአባቱ ስም ጠራው ማለት ነው፤ በኢትዮጵያ ጥናት ልማድ ባሕሩ የሚገባው «ባሕሩ ዘውዴ» ተብሎ ከ«ባ» ሥር ነው። ዞቴሮ ላይ ስም ማስገቢያውን ወደ አንድ ሳጥን የሚለውጥ ትንሽ ምልክት ከስሙ ጎን አለች፤ እሷን ጫኚና ሙሉ ስሙን እንዳለ ጻፊው። ይሄንን ምንጩን ባስገባሽበት ቀን ካላደረግሽ ማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ሰባ ስም ስትገለብጪ ታድሪያለሽ።

ከአድቫይዘርሽ ጋር ያለው ነገር የቀረኝ ነው። ብዙ ተማሪ አርባ ገጽ አጠራቅሞ «ሰላም መምህር፣ ይመልከቱልኝ» ብሎ ይልካል። መምህሩ ሌላ አሥር ተማሪ አለው፣ ክፍል ያስተምራል፣ አርባውን ገጽ አይቶ እዚህም እዚያም ኮማ አስተካክሎ ይመልሳል። አንቺ ሦስት ገጽ ላኪ፣ ከነጥያቄው። እንዲህ በዪ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምዕራፍ ሁለትን መጀመሪያ ሦስት ገጽ ልኬያለሁ። ከተማዋ ያደገችው ባቡሩ ስለቆመ ነው የሚለውን ለማሳየት ሞክሬያለሁ። ገጽ ሁለት ላይ ያመጣሁት ማስረጃ ለዚህ ይበቃል ወይስ ተጨማሪ ልፈልግ? ሐሙስ ቢሮ ልምጣ?» ለእንዲህ ያለ መልእክት መልስ መስጠት ቀላል ነው። ሐሙስ ስትሄጂ ደግሞ የሚያወራሽ ስለ ሐሳብሽ ነው።

ለዚህ ሳምንት ከዜሮ ገጹ ሌላ ሥራ አልሰጥሽም። አንድ ነገር ብቻ፣ ቤተ መዛግብት የሚገባው የትብብር ደብዳቤ ተይዞ ነው፤ ደብዳቤው ቀላል ይመስላል፣ ግን ፊርማና ማኅተም ሲጠብቅ ይከርማል። ስለዚህ ጠዋት ዲፓርትመንት ሂጂና ጠይቂ፤ የስድስት ኪሎውን ተቋምና የወመዘክርን ስም ለየብቻ አስጽፊ፣ አንድ ደብዳቤ ለሁለት በር አይሠራልሽም።